ከአዱዋርድ ገዳም የተረፈው ቤት

በግሮኒንገን ከተማ አጠገብ ያለችው የአዱዋርድ መንደር ብትጎበኝ የምታስተምረን ብዙ ነው። ሲስተርሲያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ገዳማቸውን በዚያ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1192 ሲሆን፣ ዘመኑ በአገራችን የንጉሥ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት ነበር። በላስታ ዓለት ሲፈለፈል፣ እነዚህ መነኮሳት ደግሞ ድንጋይ በሌለበት አገር ሸክላ ተኩሰው በጡብ ገነቡ፤ ቦይ ቆፍረውና ግድብ ሠርተው ረግረጉን እርሻ አደረጉት። የእኛም ኦስዶርፕ የቆመችው ውኃው በቦይ በሚጠነፈፍ መሬት ላይ ነው።

ገዳሙ በ1580 በጦርነት ጠፋ። ታላቁ ቤተ መቅደስ ፈርሶ የሕሙማኑ አዳራሽ ተረፈ፤ ዛሬ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። አሥረኛ ዓመታችንን ስናከብር ይህን እናስብ፦ ከዚያ ሁሉ ሕንፃ ለትውልድ የተላለፈው የታመመ ይታከምበት የነበረው ቤት ነው። የታመመ መጠየቃችን፣ ያዘነ ማጽናናታችንም ለልጆቻችን የምናቆየው ቅርስ ነው።