ዳሩን ሳይሆን ባሕሩን፦ ያልሄድንበት የምጽዋ መንገድ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ባለ መስመር ደብተር ላይ ነው። ጊዜው የ2011 ዓ.ም. መስከረም ነበር። አሥመራና አዲስ አበባ በሐምሌ 2010 ታርቀው፣ በአዲሱ ዓመት መባቻ ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ድንበሩ ተከፍቶ፣ ሃያ ዓመት ያልተያዩ ዘመዶች መንገድ ላይ ሲላቀሱ በቴሌቪዥን ያየንበት ሰሞን። የእኔና የዛሬዋ ባለቤቴ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ወዳጅ ዘመድ «ከሠርጉ በኋላ ወዴት ናችሁ?» ሲለን፣ እኔ አፌ እንደ ለመደው «ባሕር ዳር» እላለሁ። የጎንደር ሙሽራ ሌላ ወዴት ይሄዳል? እሷ ግን አንድ ምሽት ደብተሯን ገልጣ፣ «ዳሩን ጠገብነው፤ ባሕሩን እንየው» አለችኝ። ምጽዋ ማለቷ ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሁለት ደመወዝተኞች፣ የአምስት ስድስት ቀን ፈቃድ፣ ከሠርግ የተረፈች ጥቂት ገንዘብ፣ ከዚያ ቀይ ባሕር! ኋላ ግን ነገሩን ሳስበው ሐሳቡ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ባለቤቴ የአዲ አርቃይ ልጅ ናት። አዲ አርቃይ ደግሞ ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው፣ ዛሪማን አልፈው፣ ወደ ተከዜ በሚወስደው ጎዳና ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። «አዲ» በትግርኛ አገር፣ መንደር ማለት ነው፤ «አርቃይ» ደግሞ ሽመል። የአማርኛ ተናጋሪዋ የሽመል አገር ስሟን በትግርኛ መያዟ የመንገዱን ጠባይ ይናገራል። ከምጽዋ ለሚመጣ መንገደኛ ከሰሜን ግርጌ የምትገኝ ማረፊያ ናት፤ ከጎንደር ለሚወርድ ደግሞ ደጋው አልቆ ሙቀቱ የሚጀምርባት በር።

አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ ጎንደር ስትባል ትዝ የሚለን ግንብ ነው። ግንቡን ያቆመው ግን ኖራና ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ መንገድም ነው። ከተማይቱ በፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ስትቆረቆር አንዱ ክንዷ ወደ ሱዳን፣ ሁለተኛው ወደ ደቡብ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሊማሊሞ፣ በተከዜና በዓድዋ አድርጎ ወደ ምጽዋ የተዘረጋ ነበር። በዚህ በሦስተኛው ክንድ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድ ይወርዳል። የሕንድ ጨርቅ፣ በርበሬና ቅመም፣ ጨሌ፣ መስታወት፣ ጠመንጃ ይወጣል። አያቶቻችን በአንገታቸው ያሰሩት የሐር ማተብ ሳይቀር ብዙውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ በምጽዋ በኩል የገባ ክር ነበር። ክርስቲያኑ የክርስትናው ምልክት ያደረገውን ክር ከወደቡ ተሸክሞ የሚያመጣለት በአመዛኙ እስላሙ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ያንኑ ነጋዴ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተደረገው ጉባኤ ከክርስቲያኑ ተለይተህ ኑር ብሎት፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው አካባቢ እንዲሰፍር ሆነ። ማተቡ ግን መምጣቱን አላቋረጠም።

ሌላም ጭነት ነበር፤ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሊማሊሞ፣ በእግራቸው የሚወርዱ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ለባሕር ማዶ ገበያ የተሸጡ ባሮች። ስለ ጫጉላ ጉዞ ደብተር እየጻፍኩ ይህን ሳነብ እስክሪብቶዬን ያስቀመጥኩበት ቀን ነበር። ባለቤቴ «ይህንንም እናውቀውና እንሂድ» አለችኝ። ሄድን ማለቴ አይደለም፤ እቅዱን ቀጠልን።

ወደቡ ራሱ የጎንደር ነገሥታት አልነበረም። ቱርኮች ምጽዋን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1557 ነው። ኋላም ሥልጣኑ በአካባቢው ባላባት፣ ናይብ በሚባለውና በሕርጊጎ በሚቀመጠው ሹም እጅ ገባ። ታዲያ የጎንደሩ ንጉሥ ባሕር ሳይኖረው ባሕሩን እንዴት ያዝ ነበር? መልሱ ያለው በእንጀራ ላይ ነው። ምጽዋ ደሴት ናት፤ እህል አይበቅልባትም፤ ውኃዋም ከዝናብ ጉድጓድና ከየብስ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ የታላቁ ኢያሱ መልእክተኛና ነጋዴ የነበረው አርመናዊው ኮጃ ሙራድ ለንጉሡ ያመጣውን ዕቃ ናይቡ ሙሳ ያዘበት። ኢያሱ ጦር አላዘመተም፤ ወደ ደሴቲቱ ስንቅ እንዳይወርድ አዘዘ እንጂ። ናይቡም ዕቃውን ከእጅ መንሻ ጋር ይዞ አክሱም ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ከኢያሱ ታሪክ ሁሉ ይህን እወዳለሁ። ደገኛው ያለ ወደቡ፣ ወደበኛውም ያለ ደጋው እንደማይኖር የገባው ንጉሥ ነበር።

የመንገዱን ርዝመት ማወቅ የፈለገ ደግሞ ስኮትላንዳዊውን ጄምስ ብሩስን ይጠይቅ። ብሩስ ምጽዋ የወረደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ነው። ናይቡ እጅ መንሻ አምጣ እያለ ሁለት ወር ያህል አጉላላው። በኅዳር አጋማሽ ከሕርጊጎ ተነሥቶ፣ ትልቁን የኮከብ መለኪያ መሣሪያውን በሰው ትከሻ የጣራንታን ተራራ አስወጥቶ፣ ዓድዋን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 አጋማሽ ነው። ሦስት ወር! በመንገዱ አደርገይ ብሎ በጻፈው፣ በጫካ በተከበበ ሜዳ ላይ ሰፍሯል። ይህ ስፍራ አዲ አርቃይ ሳይሆን አይቀርም። በአጠገቡ የሚፈሰውን ወንዝ ማይ ሎሚ ይለዋል። በዚያ ሰሞን ከበቅሎዎቻቸው አንዷን ጅብ በላባቸው። ከዚያ ሊማሊሞን ወጣ፤ እላይ ኬላ ነበርና እዚያም ከቀረጥ ሰዎች ጋር ክርክር። ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት፣ «እኛ አገር ሲደርስ እንኳን ደህና አደረ የሚለው ሰው አላገኘም?» ብላ ተቆጣች።

ከብሩስ በኋላ ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ሰሜን ተራራ ደርሷል። ዋልያን ለሳይንስ ዓለም ገልጾ የጻፈው እሱ ነው። ሌሎቹን ልተዋቸው።

እነዚህን መጻሕፍት ሳገላብጥ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ደስ አሰኝቶኛል። ሲራራ ነጋዴው በክረምት አይንቀሳቀስም፤ ተከዜ ይሞላል። ምጽዋም በበጋችን ካልሆነ አትቻልም፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። ስለዚህ የነጋዴው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የሙሽራውስ? ጥር! እቅዳችን ሳናስበው ከቅፍለቱ የቀን መቁጠሪያ ጋር ገጠመ።

እቅዱ ይህን ይመስል ነበር። አንደኛ ቀን ከጎንደር አዲ አርቃይ፤ እዚያ ከዘመድ ቤት ማደር፣ ያውም ነፃ። ሁለተኛ ቀን በማይ ፀብሪና በሽሬ አድርጎ አክሱም። ሦስተኛ ቀን በዓድዋና በራማ ተሻግሮ አሥመራ። በአራተኛው ቀን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አሥመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ምጽዋ። ሁለት ሌሊት። ከዚያ መመለስ። ብሩስ ሦስት ወር የፈጀበትን በአራት ቀን! ይህን ያቀለሉልን ጣሊያኖች መሆናቸውን መካድ አይቻልም። ምጽዋን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1885 ያዙ፤ ባቡራቸውን በ1911 አሥመራ አደረሱ፤ ከ1936 ወረራ በኋላ ደግሞ የመኪና መንገዱን በሊማሊሞ ገደል ላይ ጠምዝዘው ጎንደር አስገቡት። ለጉብኝት አልነበረም፤ ለመድፍ ነበር።

በኅዳር አዲ አርቃይ ወርደን እቅዱን ለባለቤቴ አጎት አሳየናቸው። እኚህ ሰው የቀድሞ ባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው። ባሕር ኃይሉ በ1940ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበርና፣ ከሰሜን ተራራ ሥር የተወለደው ልጅ በሃያ ዓመቱ ባሕረኛ ሆነ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ከመውደቋ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ወደ አሰብ ተዛውረው ስለነበር ከዚያ ጦርነት ተረፉ። ጓደኞቻቸው አልተረፉም።

መነጽራቸውን አደረጉና ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሁለት ሌሊት? ልጄ፣ ሁለት ሌሊት ምን ያደርግልሻል? የመጀመሪያው ሌሊት ሙቀቱ ስለማያስተኛሽ አይቆጠርም።»

«ጥር ነው እኮ፣ አጎቴ።»

«ጥርም ቢሆን። አንቺ ደጋ የኖርሽ ልጅ ነሽ።»

እስክሪብቶ ተቀብለው «2» የሚለውን ሰርዘው «3» ጻፉበት። ከዚያ በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ ከተማዋን ሣሉልን። ይኸ የብስ ነው፤ ይኸ ጥዋለት፤ ይኸ ደግሞ ባጽዕ፣ አሮጌው ከተማ። በመካከላቸው በውኃ ላይ የተሠራ መንገድ አለ፤ በግብጾች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ያሠራው። በባጽዕ ያሉት ቤቶች ከባሕር በተቆረጠ የዛጎል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ የእንጨት ሰገነታቸው ነፋሱን እያጣራ ያስገባል። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው እንደ የመኖች በጉድጓድ ምድጃ ያቃጥሉታል፤ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይበላል። «እሮብና ዓርብ እንዳይሆንባችሁ» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ስለ ጥዋለት ቤተ መንግሥት ተናገሩ። ጃንሆይ ለባሕር ኃይል በዓል ሲመጡ የሚያርፉበት ነው፤ ጦርነቱ ጉልላቱን እንደ ሰበረው በፎቶግራፍ አይተውታል። «እስቲ ደግሞ እዩልኝ» አሉ። «ተጠግኖ እንደሆነ።»

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ያገለገሉት መንግሥት አውሮፕላኖች እንደ ደበደቧት ያውቃሉ። እኛም እናውቃለን። ቡና መጣና ስለ ማሽላው ዋጋ ተጫወትን።

በታኅሣሥ ወር የዛላምበሳና የራማ በር ለተሻጋሪ ሰው ተዘጋ። ሠርጋችን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የአሥመራ አውሮፕላን አለ ያሉን ነበሩ፤ እውነትም ነበር። ግን ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሥመራ የሁለት ሰው ትኬት ከአቅማችን በላይ ሆነ። አቅማችን ቢፈቅድስ? በአዲ አርቃይ ሰማይ ላይ አልፎ ምጽዋ መግባት እኛ ያሰብነው ጉዞ አልነበረም። ያም በረራ ቢሆን በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋረጠ።

ታዲያ ጎርጎራ ሄድን። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የጣና ሰሜን ዳር። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምን፤ ቆሮሶ ጠበስን። የሱስንዮስን ፍራሽ ቤተ መንግሥት ስንጎበኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ አካባቢ የሞተው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 አገር የገባው በምጽዋ በኩል ነበር። ጎርጎራ የደረሰው ያንኑ መንገድ ተከትሎ ነው። ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረገው መንገድ፣ ልጁ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባርሮ ያስወጣበትም ሆነ። ባለቤቴ ከውኃው በእፍኟ ጨልፋ ቀመሰችና «ጨው የለውም» አለች። አልተማረረችም፤ ሪፖርት ነበር።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙው ሕዝብ ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅና ጎንደር ተሰደደ። የባለቤቴ አጎትም ከእነርሱ ጋር ነበሩ፤ በዚያ የነጋዴ መንገድ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከፊሉን በእግራቸው። እኛ ቤት ገብተው እግራቸውን ስናጥብላቸው አንድም ስለ ጦርነት አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ግን ደብተሩ ከመጻሕፍቱ መካከል ጫፉ ታይቷቸው አወጡት። ገጹን ፈልገው አገኙት።

«3 ጽፌበት ነበር አይደል?» አሉ።

«አዎ፣ ጽፈውበታል» አልኳቸው።

«በቂ ነው» ብለው ወደ ቦታው መለሱት።