የሩጫ ምክንያት፦ ከክብር ዘበኛ ሰፈር እስከ በቆጂ

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ለምን ያሸንፋሉ ተብሎ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመጣው መልስ ከፍታ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ደሙ ብዙ ኦክስጅን ይሸከማል፣ ቅልጥሙ ቀጭን ነው ይባላል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። በደጋው የሚኖረው የአገሪቱ ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ ስመ ጥሩ ሯጭ ግን በብዛት የሚወጣው ከጥቂት አካባቢዎች ነው። በ2003 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታዋቂ ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ ከሕዝቡ ብዛት ጋር በማይመጣጠን ቁጥር እንደሚወጡ፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ሩቅ መንገድ በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ተራራው ሳንባን ያዘጋጅ ይሆናል። ሰውን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በብርድ ከአልጋው የሚያስነሣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያም ነገር የራሱ ታሪክ አለው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦር ሰፈር ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት በገጠር አዋቂ ሰው ሲሮጥ ከታየ ወይ ከብት ጠፍቶበታል ወይ የጎረቤት እሪታ ሰምቷል፤ ለራሱ ለሩጫው ብሎ የሚሮጥ አልነበረም። ገበሬ ልጁን ለእርሻና ለጥበቃ ይፈልገዋል፤ ጉልበትን በከንቱ ማፍሰስ ደግሞ እንደ ጥፋት ይታያል። ቀለብ፣ ደመወዝ፣ የልምምድ ሰዓትና አሰልጣኝ በአንድ ላይ የሚገኙት በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በአየር ኃይልና በፖሊስ ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍም ወታደሩ ሰፊውን ቦታ ይዞ ነበር። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሲያሠለጥናቸው ለነበሩት ወታደሮች ሩጫ ከሰልፉ፣ ከዘብ ጥበቃውና ከቀለቡ ጋር አብሮ የመጣ የዕለት ሥራ ነበር። የመጀመሪያው የሩጫ ምክንያት እንግዲህ ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል፤ ከትእዛዙ በስተጀርባ ግን የማዕረግ ተስፋ ነበረ።

አበበ ቢቂላ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጃቶ ተወልዶ ክብር ዘበኛ የገባ ወታደር ነበር። መስከረም 10 ቀን 1960 በሮም የማራቶን ውድድር ያለ ጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበርና ድሉ የተገኘው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ውድድሩ በፋሺስት ወረራ ዘመን ተወስዶ ሮም ላይ በቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር፤ አበበና አሰልጣኙ መንገዱን አስቀድመው ተመልክተው ሐውልቱን ለመጨረሻው ማፈትለክ ምልክት እንዳደረጉት ተጽፏል። ሕዝቡ በዚህ ውስጥ ብድር መመለስን አየ። አበበ ራሱ ዝምተኛ ሰው ነበርና በዚያች ሰዓት በልቡ ምን እንደነበረ ከሌላው በላይ አውቃለሁ ማለት አይቻልም፤ ትርጉሙ ግን ከእሱ በኋላ ለሮጡት ሁሉ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሩጫ የአገር ስም የሚነሣበትና የሚወድቅበት ጉዳይ ሆነ፤ ይህም በሯጩ ትከሻ ላይ ያረፈ ሸክም የመሆኑን ያህል የጉልበት ምንጭም ነበር።

ወሮታው ግን ከስሜት ያለፈ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለአበበ ኒሻንና ማዕረግ ሰጡት። በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ቆይቶ ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ሲደግመው ማዕረጉ እንደገና ከፍ አለ፤ ቮልስዋገን መኪናም ተሸለመ። በ1969 አደጋ ደርሶበት ሽባ የሆነውም መኪና ሲነዳ ነው። ያ የማዕረግ ሥርዓት ዛሬም ከሯጮች ስም አልተለየም፤ ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ማሞ፣ ሻምበል ምሩጽ፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ይባላል። በሌላ አገር ሯጭ በሜዳሊያው ብዛት ሲጠራ እዚህ በማዕረጉ ይጠራል። ለአንድ የገበሬ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከጭሰኛ ቤት ወደ መኮንንነት የሚያሻግር መንገድ እምብዛም በሌለበት ዘመን ሩጫ አንዱ ሆነ።

ከማዕረጉ ጎን አደራም ነበር። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ አበበ በእግር ጉዳት ከአጋማሹ በፊት ማራቶኑን ሲያቋርጥ ድሉን ለማሞ ወልዴ አደራ ብሎ እንደወጣ ማሞ ተናግሯል። ማሞ በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ እግሩ ገና ሳያርፍ ነበር የተሰለፈው፤ በ2:20:26 አንደኛ ወጣ። አደራ የተቀበለ ሰው ደከመኝ ብሎ ማቆም እንደሚከብደው ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

በደርግ ዘመን የአገር ክብር የሚለው ምክንያት ሌላ ፊቱን አሳየ። ያው አገር ሯጩን ወደ ሜዳ እንደሚልከው ሁሉ ከሜዳም ያስቀረዋል። በ1976 ኢትዮጵያ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከሞንትሪያል ቀረች፤ በ1984 ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ደግሞ ከሴኡል። ምሩጽ ይፍጠር ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ሳይሰለፍበት አምልጦት ነበር፤ ቁጭቱን ለመወጣት ስምንት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ። በላይነህ ዴንሳሞ ይህን ያህል ዕድል አልገጠመውም፤ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ በ2:06:50 የሮጠው የማራቶን ክብረ ወሰን ለአሥር ዓመት ሳይነካ ቢቆይም በዚያው ዓመት ኦሊምፒክ አልተሰለፈም። ብቸኛ ግቡ የአራት ዓመት አንድ ቀን ለሆነ ሰው ያ ቀን ሲሰረዝ ልምምዱን የሚያስቀጥለው ምንድን ነው? በዚያ ትውልድ ብዙዎቹን ያቆያቸው የክለብ ደመወዝና የጓደኛ ስብስብ ነው ማለት ያስደፍራል።

የምሩጽ ድል በሬዲዮ አሰላ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት ደረሰ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የሩጫ ፍቅሩ የተቀሰቀሰው ያን ስርጭት ሲሰማ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ነበር፤ ደብተር ታቅፎ የሮጠበት የግራ ክንዱ አያያዝ እስከ ኦሊምፒክ ሜዳ ድረስ አልለቀቀውም። አባቱ ግን ሩጫን የሥራ ፈት ነገር አድርገው ያዩ ነበር። ይህ የአባትና የልጅ ክርክር በአርሲ ብዙ ቤት የነበረ ነው፤ የፈታውም ምክር ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ውጤት ነው።

ይህ ከየትም ይልቅ የሚታየው በበቆጂ ነው። በቆጂ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ከአሰላ አልፎ የምትገኝ፣ ገብስና ስንዴ የሚታረስባት ብርዳማ የአርሲ ከተማ ናት። የኦሊምፒክ ታሪኳ የሚጀምረው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። የአካባቢዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች፤ ከዚያም ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1996 ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶኑን ወሰደች። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ የወንዶቹን 5,000 እና 10,000 ቀነኒሳ በቀለ፣ የሴቶቹን ጥሩነሽ ዲባባ አሸነፉ፤ አራቱም ወርቅ የበቆጂ ልጆች ነው። የከተማዋ የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ተወላጅነታቸው ከሐረር ሲሆን፣ እነዚህን ልጆች ገና በተማሪነታቸው ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ፊሽካቸውን ይዘው ከልጆቹ ጋር ሜዳ ይወርዳሉ፤ ግማሹ ልጅ የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ፣ ግማሹ ከታላቁ የወረሰውን ስኒከር አጥልቆ በባሕር ዛፉ መሀል ይወጣል ይወርዳል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ በ1977 እንደጻፈው፣ ሰው እችላለሁ የሚለውን እምነት ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ እሱን የሚመስል ሌላ ሰው ሲሳካለት ማየት ነው። ዋናው ነገር የሚመስል መሆኑ ነው። ለበቆጂ ልጃገረድ ደራርቱ የሩቅ ጀግና አልነበረችም፤ ያችኑ ውኃ ቀድታ፣ በዚያው ጭቃ ሄዳ፣ በዚያው ትምህርት ቤት የተማረች ናት። ልጃገረድ ቶሎ በምትዳርበት አገር ይህ የወላጅን ሒሳብም ቀየረ፤ ሴት ልጅ ሩጫ ትሄዳለች ሲባል መሳቂያ መሆኑ ቀርቶ ተስፋ ሆነ። ደራርቱ በ1998 ልጅ ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ሁለተኛ ወርቅ ማግኘቷ ደግሞ ትዳርና ሩጫ አይስማሙም የሚለውን አስተሳሰብ አላላው። ከዚያ በኋላ የክለብ አሰልጣኞች ልጅ ለመመልመል ወደ በቆጂ መመላለስ ጀመሩ፤ መልማይ የሚመጣበት ከተማ ደግሞ ብዙ ሯጭ ያፈራል። ከፍታው ጥንትም ነበረ፤ አዲሱ ነገር ይህ ነው።

በዚህ ሁሉ ያልተለወጠው በቡድን መሮጥ ነው። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ በ1898 ብስክሌተኞች ለብቻቸው ሲጋልቡ ካላቸው ፍጥነት ይልቅ ከሌላ ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ ጽፎ ለስፖርት ሥነ ልቦና መነሻ ሆኗል። በእንጦጦ ጫካ የሚሮጡ ልጆች ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ጎህ ሳይቀድ የክለቡ አውቶቡስ ያወርዳቸዋል፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው እግር በእግር ይከተላል፣ ሰልፉ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከፊት ያለው ጉድጓድ ወይም ጉቶ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፤ የደከመውም የፊተኛውን ተረከዝ ብቻ እያየ ይቆያል። ኮሮኮንቹ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ፣ አስፋልቱ ሌላ ቀን ይሆናል። ለብቻ የሚሮጥ ሰው ለጤና ይሮጣል እንጂ ለውድድር አይዘጋጅም ይባላል፤ ተደብቆ ተጨማሪ ልምምድ የሚሠራም በጓደኞቹ ዘንድ በጥርጣሬ ይታያል።

ቡድን ግን በአንድ ላይ ሊሳሳትም ይችላል። በ1981 ማድሪድ ላይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ኢትዮጵያውያኑ ተያይዘው ከፊት ሳሉ ዙር ተሳስተው አንድ ዙር ቀድመው አፈተለኩ፤ አንዱ ሲያፈተልክ ሌላውም ተከተለ። ስሕተታቸውን ሲረዱ ግን እንደገና ሮጠው መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ፣ የቡድኑንም ዋንጫ ወሰዱ። በ2004 አቴንስ ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይለያል። ኃይሌ በተረከዙ ጅማት ጉዳት ወደኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው እየዞሩ ይጠብቁት ጀመር። በኦሊምፒክ ፍጻሜ ታላቅን መጠበቅ ለውጭ ተመልካች የማይገባ ነገር ነበር፤ ተፎካካሪ እንዲደርስም በር ይከፍታል። አልሆነም፤ ኃይሌ ሊደርስባቸው አልቻለም። ሁለቱ ወርቅና ብር ሲያገኙ ነሐሱን ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ወሰደ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

ገንዘብ የመጣው በዝግታ ነው። በ1993 ሽቱትጋርት ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኃይሌ መርሰዲስ ተሸለመ። ከዚያ በኋላ የጎዳና ውድድሮች፣ ማናጀሮችና የአሯሯጭነት ክፍያ በረከቱ። በ2008 የዱባይ ማራቶን ለአንደኛ 250,000 ዶላር ሲሰጥ፣ የክለብ ደመወዝ ለሚያገኝ ወጣት ይህ ሌላ ዓለም ነበር። ዛሬ ጀማሪ ሯጭ ለምን ትሮጣለህ ቢባል ሕይወቴን ለመለወጥ ነው ይላል፤ ቤት መሥራት፣ ቤተሰብ መርዳት ማለቱ ነው። ክፍያ የውስጥ ፍላጎትን ያዳክማል የሚለው የኤድዋርድ ዴሲ የ1971 ግኝት እዚህ ላይ እንዳለ የሚሠራ አይመስልም፤ ያ ሙከራ የተሠራው እንቆቅልሽ በሚፈቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ለገበሬ ልጅ ሩጫው ራሱ እንጀራ ነው። ሀብታም ከሆነ በኋላም የማያቆም ግን አለ፤ ቀነኒሳ በ2024 ለንደን ላይ አርባን አልፎ በ2:04:15 ሁለተኛ ሲወጣ ገንዘብ አጥቶ አልነበረም። በሌላ በኩል ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ የሚገባውና በጠባብ የኪራይ ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ዓመታት ቆይቶ አንድም ጊዜ ውጭ ሳይወጣ የሚቀረው ወጣት ቁጥር ከአሸናፊዎቹ እጅግ ይበልጣል። ስለሱ የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በገበያው ዘመን አደራ ጨርሶ አልጠፋም። በ2024 የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተመርጦ ሳለ ጉዳት ስላጋጠመው ቦታውን ለተጠባባቂው ታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራት በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ፤ በወንዶች ማራቶን ከሲድኒው ገዛኸኝ አበራ በኋላ የተገኘ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ወርቅ ነው። ከውድድሩ በኋላም ሲሳይን አመሰገነ።