ራንሰምዌር፦ መረጃ አጋች

ኮምፒውተር አልታዘዝ ሲል በእኛ ዘንድ የበሽታው ስም አንድ ነው፤ ቫይረስ። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ፎርማት። ማሽኑ ጥገና ቤት ይሄዳል፣ ዲስኩ ይጸዳል፣ ዊንዶውስ እንደገና ይጫንበታል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። አንድ ዓይነት ጥቃት ግን አለ፤ በእርሱ ላይ ይህ መድኃኒት ማሽኑን አድኖ ንብረቱን ያጠፋል። በእንግሊዝኛ ራንሰምዌር ይሉታል። በአማርኛ ሁሉም የተስማማበት ስም ገና የለውም፤ ከቫይረስ ጋር ተደባልቆ ለመታከሙም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሦስት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የተያያዙባት አንዲት የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ እናስብ። የሃያ ነጋዴ መዝገብ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ይዛለች። አንዷ ሠራተኛ አርብ ከሰዓት ደረሰኝ መስሎ በኢሜይል የመጣ ፋይል ትከፍታለች። ምንም የተለየ ነገር አይታይም። ፕሮግራሙ ግን ውስጥ ውስጡን ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየመሰጠረ ነው፤ ሦስቱ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት ፎልደር በኩልም ወደሌሎቹ ይሻገራል። ሰኞ ጠዋት ፋይሎቹ በየቦታቸው አሉ፤ የስማቸው መጨረሻ ተለውጧል፣ አንዱም አይከፈትም። አጠገባቸው አጭር ማስታወሻ ተቀምጧል፦ እስከዚህ ቀን ድረስ ይህን ያህል ቢትኮይን ክፈሉ፣ ቁልፉን እንሰጣችኋለን። ምስጠራው ባንኮች የገንዘብ ዝውውርን የሚጠብቁበት ዓይነት ሒሳብ ነው። በትክክል ከተሠራ የትኛውም ባለሙያ በግምት አይፈታውም።

ወደ ስሙ እንመለስ። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ነገር የተጋጠመበት ነው፤ መጀመሪያው የተያዘን ሰው ለማስለቀቅ የሚከፈል ገንዘብ፣ ሁለተኛው ሶፍትዌር ከሚለው ቃል የተቀነጨበ መጨረሻ። መዝገበ ቃላት የገለጠ ተርጓሚ ለመጀመሪያው «ቤዛ» የሚለውን ያገኛል። ፍቺው ትክክል ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ቤዛ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ስለ ሌላው ራስን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ቤዛ፣ ቤዛዊት ብለን ልጆቻችንን የምንሰይምበት ነው። ይህን የመሰለ ቃል ለዘራፊ ማዋስ ቃሉን ማርከስ ነው። በዚያ ላይ ቤዛ ስለ ክፍያው ብቻ ይናገራል። እኛ ስም የምንፈልገው ለድርጊቱ ነው።

ድርጊቱ ደግሞ በአማርኛ ስም አለው፤ እገታ። ባለፉት ዓመታት በዜናም በየቤቱም የሰማነው፣ የሚያም ቃል ነው። ለኮምፒውተር ጉዳይ ለመዋስ ያመነታሁትም ስለዚሁ ነው፤ ልጁ የታገተበት ወላጅ ጭንቀት ከፋይል ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የሚሆነውን ነገር እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ የሚናገር ሌላ ቃል አላገኘሁም። «መረጃ አጋች» ስንል ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይገባናል፦ ንብረቱ አልጠፋም፣ ተይዟል፤ የያዘው ሰው አለ፤ ዋጋ ተጠይቆበታል። ቫይረስ የሚለው ቃል ከሦስቱ አንዱንም አይነግረንም። ስለዚህ ፕሮግራሙን መረጃ አጋች፣ ድርጊቱን የመረጃ እገታ፣ የሚጠየቀውን ገንዘብ ማስለቀቂያ እንበል።

ስሙ ሲለወጥ እጃችንም የሚሠራው ይለወጣል። ቫይረስ ይጸዳል። ታጋች ያለበትን ቤት ግን ማንም አያቃጥልም፤ ፎርማት ማድረግ ቤቱን እንደማቃጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና ሁለት የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያዎች «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ፕሮጀክት ጀምረው፣ የተገኙ መፍቻዎችን ለተጎጂዎች በነጻ ሲሰጡ ቆይተዋል። ለሁሉም ዓይነት መፍቻ የለም። ዛሬ የሌለው ግን ከዓመት በኋላ ሊገኝ ይችላል፤ ዲስኩ ከተጸዳ መፍቻው የሚከፍተው ነገር አይኖርም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ኤድስ መረጃ የያዙ የሚመስሉ 20,000 ያህል ፍሎፒ ዲስኮች በፖስታ ተላኩ፤ ልኳል ተብሎ የተከሰሰው ጆሴፍ ፖፕ የተባለ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበር። ዲስኩ የገባበት ኮምፒውተር ለ90ኛ ጊዜ ገደማ ሲከፈት የፋይሎቹን ስም እየመሰጠረ 189 ዶላር በፓናማ ወዳለ የፖስታ ሣጥን እንዲላክ ይጠይቅ ነበር። በፖስታ የሚሰበሰብ ገንዘብ ተቀባዩን ያጋልጣል። ተቀባዩ ስሙን ሳይገልጽ የሚከፈልበት የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ቢትኮይን፣ ሲመጣ ይህ ችግር ለአጋቾቹ ቀለለላቸው።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው መረጃ አጋች በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖ ማሻሻያውን አውጥቶ ነበር። የተጠቁት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። በየቢሮው የምናየው ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ፣ አፕዴት እንዳያስቸግር ሆን ተብሎ የተዘጋበት ኮምፒውተር፣ ከዚህ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ግን የማርስክ ነገር ነው፤ ከጅቡቲ በሚመጡ ኮንቴይነሮች ጎን ላይ ስሟን የምናነበው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. «ኖትፔትያ» ከዩክሬን ተነሣ። መንገዱ በዚያ አገር ነጋዴዎች ለግብር ሥራ የሚገለገሉበት የሂሳብ ሶፍትዌር ነበር። ማስለቀቂያ ይጠይቅ እንጂ አጋች አልነበረም፤ ቢከፈለውም የሚመልሰው ቁልፍ የለውም። አጋች መስሎ የመጣ አጥፊ ነው። ማርስክ የሠራተኞቿንና የኮምፒውተሮቿን መዝገብና ፈቃድ የሚይዙ 150 ያህል ሰርቨሮች ነበሯት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ስለተያያዙም አብረው ጠፉ። የተረፈው አንድ ነው፤ በጋና። የተረፈውም ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ተቋርጦ ስለነበር ነው። በዓለም ዙሪያ የተዘረጋው ያ ሁሉ ሥራ ከዚያ አንድ ቅጂ ተነሥቶ እንደገና ቆመ። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

የሰውና የመረጃ እገታ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁለት የለውም፤ መረጃ ግን ይባዛል። ሁለተኛ ቅጂ ያለው ባለንብረት አጋቹን «ያዘው» ሊለው ይችላል። ለዚህም «ባክአፕ» ለሚሉት ጥሩ ቃል አለን፤ መጠባበቂያ። በየቢሮው ግን መጠባበቂያ የሚባለው ዲስክ ሌሊትና ቀን ከኮምፒውተሩ ጀርባ እንደተሰካ ይውላል። አጋቹ ሲመጣ እርሱንም አብሮ ይመሰጥረዋል። የተሰካ ቅጂ መጠባበቂያ አይደለም። ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይላሉ። ለትንሽ ቢሮ ይህ ከአንድ ኤክስተርናል ዲስክና ከአንድ የኢንተርኔት ማከማቻ የሚበልጥ ወጪ የለውም። ቅጂው እውነት መከፈቱን አልፎ አልፎ መሞከር ግን ግድ ነው።

መጠባበቂያ የማይሸፍነውም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ወዲህ አጋቾች ከመመስጠራቸው በፊት መረጃውን ወደራሳቸው ገልብጠው «ካልከፈላችሁ ለሕዝብ እናወጣዋለን» ማለትን ለምደዋል። የደንበኛ ደመወዝ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የብድር ውል የያዘ ቢሮ ይህን ሊፈራ ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሌላውን ሰው መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታም ሆኗል። ስለዚህ በሩም ይዘጋ፦ የራውተሩ የፋብሪካ ይለፍ ቃል ይቀየር፣ የደንበኞች ዋይፋይ ከቢሮው ኔትወርክ ይለይ፣ ከሩቅ መግቢያ የሆነው ሪሞት ሥራ ሲያልቅ ይዘጋ፣ ኢሜይሉ በስልክ የሚላክ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው።

እገታው ከደረሰ መጀመሪያ የኔትወርኩን ገመድ ይንቀሉ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ። ማስታወሻውን ፎቶ ያንሱ። ዲስኩን ማንም ፎርማት እንዳያደርገው ይከልክሉ። ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያሳውቁ። ለመክፈል አይቸኩሉ፤ ከፍለው ቁልፉን ያላገኙ ብዙ ናቸው።

ዛሬ ማታ ግን፣ ቢሮውን ከመዝጋትዎ በፊት፣ የመጠባበቂያ ዲስክዎን ሰክተው የሂሳብ መዝገብዎን ይገልብጡ። ከዚያ ነቅለው ወደ ቤት ይዘውት ይሂዱ።