በቤት ውስጥ መረብ የጋራ ፎልደርን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በኾበር ከተማ ቱቅባ ሰፈር፣ በርካታ ክፍሎች አንድ የኢንተርኔት መስመር በሚጋሩበት ቤት ለአንድ የቤተሰብ አባል የተከፈተ ፎልደር ለጎረቤትም ሊታይ ይችላል። በፎልደሩ ውስጥ የፓስፖርትና የኢቃማ ቅጂ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከቴክኒክ ያለፈ ይሆናል።

የጋራ ፎልደር ለአጥፊ ሶፍትዌሮች መተላለፊያ መሆኑን ከቱቅባ አጠገብ በምትገኘው ዳህራን የደረሰው ጥቃት አሳይቷል። በነሐሴ 2004 ዓ.ም (እ.አ.አ 2012) ‹ሻሙን› የተሰኘው አጥፊ ሶፍትዌር በመረብ የተጋሩ ፎልደሮችን እየተጠቀመ በመዛመት፣ የሳዑዲ አራምኮን 30 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮች መረጃ አጥፍቷል። በግንቦት 2009 ዓ.ም (እ.አ.አ 2017) የተከሰተው ‹ዋናክራይ› ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ማጋሪያ ሥርዓት ክፍተት ገብቶ በ150 ገደማ አገራት ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፏል። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ጉዳቱ የደረሰው በአብዛኛው ማሻሻያውን ባልጫኑት ላይ ነው።

የመረቡን ዓይነት መለየት

ዊንዶውስ መረብን ‹የግል› እና ‹የሕዝብ› ብሎ ይከፍላል፤ በዐረብኛ ገጽታ ‹ኻስ› እና ‹ዓም› ተብለው ይገኛሉ። ከማይታወቁ ሰዎች ጋር በሚጋራ መስመር ‹የሕዝብ› የሚለውን መርጦ ፋይል ማጋራትን መዝጋት ይገባል።

ፈቃድን መገደብ

ሙሉውን ዲስክ ማጋራት አይገባም፤ ለዚሁ ዓላማ አንድ ፎልደር መለየት በቂ ነው። ‹ለሁሉም ሰው› የሚለውን ፈቃድ አንስቶ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት፣ በይለፍ ቃል የተጠበቀ ማጋራትንም መክፈት ያስፈልጋል። ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ሰው ኮምፒውተሩ ቢበከል እንኳ፣ አጥፊው ሶፍትዌር በእርሱ ፈቃድ ፋይሎቹን ሊቆልፍ አይችልም፤ የመለወጥ ፈቃድ ላለው ግን በሩ ክፍት ነው። የማጋሪያው ፈቃድና የፋይሉ ፈቃድ ሲለያዩ ጥብቅ የሆነው ይጸናል።

አሮጌውን በር መዝጋት

‹ኤስ ኤም ቢ 1› የተባለው አሮጌ የማጋሪያ ሥርዓት በዊንዶውስ ተጨማሪ አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ ካለ መጥፋት አለበት። የራውተሩ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከፋብሪካው እንደመጣ ሊቆይ አይገባውም። ዋይፋዩ በ‹ደብሊው ፒ ኤ 2› ወይም በ‹ደብሊው ፒ ኤ 3› ሊጠበቅ፣ ለእንግዳ የተለየ መስመር ሊከፈት፣ የፋይል ማጋሪያ በር የሆነው ቁጥር 445 ደግሞ ከውጭ ኢንተርኔት ሊዘጋ ይገባል።

መጠባበቂያ ቅጂ

የሰነዶች ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ተቀምጦ፣ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ሊቀመጥ ይገባል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቆይ ዲስክ ከዋናው ጋር አብሮ ሊቆለፍ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.አ.አ በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኮምፒውተር ወንጀሎች መከላከያ ሕግ፣ ሰውን ለማስፈራራት በማሰብ ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተሩ የገባን እስከ 1 ዓመት እስራት፣ እስከ 500 ሺህ ሪያል መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ሆኖም ቅጣቱ የሚመጣው ሰነዱ ከተወሰደ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚጠብቀው ባለቤቱ ራሱ ነው።