የወንጂ ስኳር ኢንዱስትሪ መነሣትና የአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች መዘጋት

ከአዳማ (ናዝሬት) በስተደቡብ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው የወንጂ ሜዳ ቀድሞ ረግረግና የወባ ቦታ ነበረ። ስለዚህም ባለቤት የሌለው ባዶ ምድር ነበረ የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች በበጋ፥ ሣሩ በሌላው ቦታ ሲደርቅ፥ መንጋቸውን የሚያወርዱት ወደዚሁ ውሃና ግጦሽ ነበረ።

በ1943 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ኤች ቪ ኤ ከሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ኩባንያው በኢንዶኔዥያ ሰፊ የስኳር እርሻ የነበረው ሲሆን፥ ያች አገር ነጻ ከወጣች በኋላ ገንዘቡንና ዕውቀቱን የሚያዛውርበት ሌላ ምድር ይፈልግ ነበር። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በቀን 1,400 ኩንታል፥ ቀጥሎም የሸዋ ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. በቀን 1,700 ኩንታል ስኳር ማምረት ጀመሩ። ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ደስታ ከረሜላም የዚሁ ቦታ ሥራ ነው።

አገዳው ሲስፋፋ የበጋው ግጦሽ ጠበበ። አገዳ ቈራጮቹ ግን በአብዛኛው የመጡት ከከምባታና ከሐዲያ ነው፤ ከብት ያረባ የነበረው ሰው ለቀን ሙያ መታጠፉ ቀላል አልነበረም። እንዲህ ሆኖ በኩባንያው ሰፈሮች ውስጥ ቋሚውና ወቅታዊው ሠራተኛ ተለይቶ የሚኖርበት፥ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ከተማ ተፈጠረ።

የዚህ ከተማ ሰው ለብዙ ዓመታት የጠጣው የጕድጓድ ውሃ፥ እንደ ብዙው የስምጥ ሸለቆ ውሃ፥ ፍሎራይድ የበዛበት ነበረ። በሰፈሮቹ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ዘመኑን እዚያ ከጨረሱት ሠራተኞች መካከልም አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው የደረቀ፥ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው ነበሩ። ሕመሙ ከእርጅና ሳይሆን ከውሃው መምጣቱን የሕክምና ሊቃውንት ያረጋገጡት ዘግይተው ነው።

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ተወረሱ፤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም በማኅበር ተደራጅተው አገዳ ያቀርቡ ጀመር። መኪናዎቹ ግን የጥንቶቹ ነበሩና መለዋወጫቸው እየጠፋ፥ ብልሽታቸው እየበዛ ሄደ። ወንጂ በ2003፥ ሸዋ በ2005 ዓ.ም. ተዘጉ። የሚተካቸው አዲስ ፋብሪካ የተሠራው በዚያው በአሮጌው ሰፈር ሳይሆን፥ በአርሲ በኩል በዶዶታ ነው። የወንጂም አገዳ በመኪና እየተጫነ ወደዚያ ሄደ፤ ኩባንያው የሠራቸው ቤቶች ግን ነዋሪዎቻቸውን እንደያዙ በቦታቸው ቀሩ።