እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ለምን ከበደን?

ብዙ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ምንባብ ሲሰጣቸው «እኔ ቋንቋ አይገባኝም» ብለው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ። ነገሩ ግን የጭንቅላት ሳይሆን የታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያን በ1941 ከተባረረ በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘው። በ1960ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ ቀጠለ። እንግዲህ ልጁ ክረምቱን አሳልፎ ሲመለስ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በሌላ ቋንቋ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ከዚያ ተሰዶ ኬንያ ሲገባ ደግሞ አብረውት የሚቀመጡት ልጆች ከአራተኛ ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ የተማሩ ናቸው።

ስለዚህ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚጥለን መልሱን አለማወቅ አይደለም፤ ጥያቄውን አለመረዳት ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በየመስመሩ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ምንባቡ ሳያልቅ ሰዓቱ ያልቅብኝ ነበር።

ተማሪዎች፣ እንዲህ ተለማመዱ፦ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አንብቡ። ቀጥሎ ምንባቡን ሳታቋርጡ አንዴ ዝለቁት። የማታውቁትን ቃል ከፊቱና ከኋላው ካለው ሐሳብ ገምቱ፤ መዝገበ ቃላቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከዚያ ያነበባችሁትን ለጓደኛችሁ በቋንቋችሁ ተርኩለት። መተረክ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም፤ ተመለሱበት።

እኛም መምህራን «አልገባኝም» ያለንን ልጅ ሰነፍ አንበለው። ስንት ቋንቋ አቋርጦ እዚህ ክፍል እንደደረሰ እንጠይቀው።