ለሰው የሚነገረውና ለማሽን የሚሰጠው፦ የትእዛዝ አጻጻፍ ታሪክ ከአልጎል እስከ ቫይፐር

የኮምፒዩተር መመሪያ የሚያነብ ሰው ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ለእርሱ ለራሱ የሚናገር ነው፤ «ቀጥሎ ያለውን ፈጽም» ይለዋል። ሁለተኛው ግን በእርሱ እጅ አልፎ ለማሽኑ የሚደርስ ነው፤ አንዲት ምልክት ሳትጨመርበትና ሳትጎድልበት እንደ ተጻፈ መግባት ይኖርበታል። የቅዳሴ መጻሕፍታችንን ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። «ይበል ካህን» የሚለው ቃል አዘውትሮ በቀይ ቀለም የሚጻፈው ካህኑ እንዲያነበው እንጂ እንዲያዜመው ባለመሆኑ ነው። የኮምፒዩተር መመሪያ ጸሐፊዎችም ይህን የመሰለ ልዩነት ሲፈልጉ፣ ሲያገኙና ሳያውቁት መልሰው ሲያጠፉ ከስድሳ ዓመት በላይ አሳልፈዋል። ይህንኑ ታሪክ የምንከታተለው ብዙ ሰው ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ሥራ፣ ይኸውም የስማርት ኮንትራት ኮምፓይለር የመጫኛ መመሪያን አጻጻፍ ስለማስተካከል፣ ለመናገር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ችግሩን በግልጽ አይተውታል። በጃንዋሪ 1960 አሥራ ሦስት ባለሙያዎች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የአልጎልን ቋንቋ ሲደነግጉ፣ በፔተር ናውር አዘጋጅነት በወጣው ሪፖርት አንዱን ቋንቋ በሦስት ደረጃ ከፈሉት፦ መነሻ የሚሆነው መደበኛ ቋንቋ፣ ለኅትመት የሚያገለግለው ቋንቋ፣ በየማሽኑ ችሎታ የሚወሰነው ቋንቋ። በኅትመት ላይ የመጀመሪያና የመጨረሻ ምልክት የሆኑት ቃላት በደማቅ ፊደል ይታያሉ፤ ማሽኑ ግን ደማቁን ከቀጭኑ አይለይም። ስለዚህ በወረቀት የሚታየውና ማሽኑ የሚቀበለው አንድ አለመሆናቸው ከመነሻው በደንብ የታወቀ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ በኋላ የላላው በምቾት ምክንያት ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪዎች ያዘጋጁት የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን ይዟል። ጽሑፉ ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት በሚይዝበት በጽሕፈት መኪና ዓይነት ፊደል የወጣ ስለ ነበር፣ አንባቢው በወረቀቱ ላይ የሚያየው በቁልፍ ሰሌዳው ከሚመታው ጋር ይመሳሰል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጆሴፍ ኦሳና ትሮፍ የተባለውን የፊደል መልቀሚያ ፕሮግራም ሲሠራ መልኩ አማረ፤ ነገር ግን አንድ ስውር ልዩነት አብሮ ገባ። በትሮፍ ሕግ ተራው ጭረት ቃላትን የሚያያይዝ አጭር ሰረዝ ሆኖ ይታተማል፤ የመቀነስ ምልክት የፈለገ ጸሐፊ ከፊቱ ኋላ ዘመም ጭረት (\) መጨመር አለበት። ይህን የዘነጋ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ የሚያስቀጣው አልነበረም፤ አንባቢው ከወረቀት አይቶ በእጁ ስለሚመታው ጥፋቱን ጣቱ ያርመው ነበርና። መመሪያው ከወረቀት ወደ ስክሪን ተሸጋግሮ፣ ዩኒኮድ ለሁለቱ ጭረቶች የተለያየ ቁጥር ሰጥቶ፣ ሰው ትእዛዙን በእጁ መምታቱን ትቶ እየገለበጠ መለጠፍ ሲጀምር ግን የቆየው ስሕተት ሁሉ ብቅ አለ። በዓይን አንድ የሚመስለውን ጭረት ማሽኑ «አላውቅህም» አለው።

የሚቀጥለው ምዕራፍ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ይከፈታል። ዴቪድ ጉጀር ሪስትራክቸርድቴክስት የተባለውን የአጻጻፍ ስልት አወጣ፤ ጆን ግሩበር በ2004 ማርክዳውንን አወጣ፤ ጌኦርግ ብራንድል ደግሞ በ2008 በጉጀር ስልት ላይ የቆመውን ስፊንክስን ለፓይተን ቋንቋ መመሪያ ሠራ። ሁለቱ ስልቶች በአንዲት ትንሽ ነገር ይለያያሉ። ማርክዳውን ትእዛዝን ከበው የሚለዩበትን ዘማማ ምልክት (`) በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጊዜ ሲያስቀምጥ፣ ሪስትራክቸርድቴክስት ሁለት ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። በአንዱ የለመደ ጸሐፊ ወደ ሌላው ሲሻገር ምልክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ያኖራል፤ ትእዛዙም እንደ መጽሐፍ ርእስ ባዘመመ ፊደል ይወጣል። ነገሩ በመልክ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ስፊንክስ ተራ ጽሑፍ መሆኑን ሲያምን ያሳምረዋል፦ ቀጥ ያለውን ትእምርተ ጥቅስ ያጎብጠዋል፣ ሁለቱን ጭረቶች (--) አንድ ረዘም ያለ ሰረዝ ያደርጋቸዋል። እንግዲህ ገጽን ለማስዋብ የተሠራው መሣሪያ ራሱ ትእዛዝን የሚያበላሽ ሆነ ማለት ነው።

የሶሊዲቲና የቫይፐር መመሪያዎች የተጻፉት በዚሁ በስፊንክስ ስልት ነው። ሁለቱም ለኤቴሪየም ስማርት ኮንትራት የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ኮምፓይለራቸው ሰው የጻፈውን ውል ማሽን ወደሚፈጽመው ኮድ ይለውጣል። ሶሊዲቲን ከምንጭ ኮዱ ሊገነባ የሚፈልግ ሰው በጊት ትእዛዝ ውስጥ «ሪከርሲቭ» የሚለውን ቃል ከሁለት ጭረት ጋር መጻፍ አለበት። ጭረቶቹ ተዋሕደው አንድ ሰረዝ ከሆኑ ጊት ቃሉን እንደ ማከማቻ ስም ቆጥሮ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቀላሉ ጥፋት ነው፤ የሚጮኽ ጥፋት ባለቤቱን ያነቃዋልና።

የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። በዩኒክስ ልማድ መሠረት ተራው ተጠቃሚ የዶላር ምልክት ($)፣ የበላይ ሥልጣን ያለው ደግሞ # የሚለውን ምልክት በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያያል። መመሪያ ጸሐፊዎች ምልክቶቹን እንዳሉ ወደ ገጹ ያስገቧቸዋል። ዶላሩን አብሮ የገለበጠ ሰው «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» ይባላል። #ን አብሮ የገለበጠ ሰው ግን ምንም አይባልም፤ ሼሉ መስመሩን እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ ያልፈዋል። አንዳንዶች ምልክቶቹ ትእዛዝን ከመልሱ ይለያሉ ብለው ይከራከራሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን መልሱን በሌላ ሣጥን ማስቀመጥ ይሻላል። ሌላም አለ። ቫይፐርን ከ0.3.0 ጀምሮ ካሉት እትሞች አንዱን እንዲጭንለት የፈለገ ሰው በፒፕ ትእዛዝ ላይ «ይበልጣል ወይም እኩል ይሆናል» የሚለውን ምልክት (>=) ሲጽፍ በትእምርተ ጥቅስ ካልከበበው፣ የባሽ ሼል > የሚለውን «ውጤቱን ወደ ፋይል ጻፍ» ብሎ ይተረጉመዋል። ስሙ በእኩል ምልክት የሚጀምር ፋይል ይፈጠራል፤ ገደቡ ይጠፋል፤ ፒፕም ያለ ምንም ገደብ የመሰለውን እትም ይጭናል። ሰውየው ያዘዘውን ያገኘ ይመስለዋል።

ከዚህ ላይ ፊደላችንን የሚመለከት ነገር ላስገባ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና፣ በላቲን ፊደል የቋንቋው ስም በትልቅ፣ የትእዛዙ ስም በትንሽ ፊደል መጀመሩን የእኛ አንባቢ በቀላሉ አያስተውለውም። በሊኑክስ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ትእዛዙን በልዩ ፊደል ለይቶ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው። በአንጻሩ ጥሩ የመሰለውን ስም ሁሉ በትእዛዝ ፊደል የሚያስጌጥ ጸሐፊ ልዩነቱን ያደበዝዘዋል፤ ሁሉ በቀይ ቢጻፍ ቀይ ምን ይለያል?

የእትም ቁጥር ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ጁላይ 30 ቀን 2023 ታየ። በቫይፐር 0.2.15፣ 0.2.16 እና 0.3.0 የተዘጋጁ ውሎች ውስጥ፣ አንድ ተግባር ሳያልቅ ሌላው እንዳይጠራ የሚከለክለው ቁልፍ አይሠራም ነበር። የውሉ ጸሐፊ በአንድ ስም ለብዙ ተግባራት የሰጠውን ቁልፍ ኮምፓይለሩ ለእያንዳንዱ ተግባር በተለያየ ቦታ ያስቀምጠው ነበርና። ጸሐፊዎቹ አልተሳሳቱም፤ የጻፉት ትክክል ነበር። በዚያን ቀን ከከርቭ የገንዘብ ማጠራቀሚያዎች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተወሰደ። ጉድለቱ በ0.3.1 ተስተካክሎ ነበር፤ ነገር ግን በሰንሰለቱ ላይ የተመዘገበ ውል ኮዱ እንዳለ ስለሚቀር፣ የኮምፓይለሩ መታረም የቆዩትን ውሎች አላረማቸውም።

በተመዘገበ ውል ላይ ጥርጣሬ ያደረበት መርማሪ ማድረግ የሚችለው ምንጩን እንደገና በዚያው እትም አዘጋጅቶ፣ የሚወጣውን ኮድ ከተመዘገበው ጋር ማስተያየት ነው። ሌላ እትም ከተጠቀመ ኮዱ ላይገጥም ይችላል፤ ንጹሑን ውል ሊጠረጥር፣ የተበላሸውንም ሳይለይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ወደ መጫኛ ገጹ ተመልሶ፣ ከዓመታት በፊት የወጣውን እትም ቁጥር ከሁለት የእኩል ምልክት (==) በኋላ ጽፎ ይጭናል። የመጫኛ ገጹን የሚያስተካክል ሰውም ምልክቶቹ በልዩ ሣጥን ውስጥ ሳይጎብጡና ሳይዋሐዱ መቀመጣቸውን አንድ በአንድ የሚመረምረው ለዚህ መርማሪ ነው።